የጉናው ማሳ ደቡብ ዋልታ የሆነበት ቀን

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ይህችን እዘላት ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ፣ ደቡብ ዋልታ ደርሶ የመጣ፣ በፊልም የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር ይለኛል። ሲያወድሱኝ አንገቴን እደፋለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።

እዚያ የወሰደኝ የዋልታውን ምድር ለተማሪዎች የሚያስተዋውቁ መምህራንን ይዞ የሚሄድ የውጭ አገር መርከብ ነው። ለመመረጥ በክፍል ውስጥ የታየ የፊልም ትምህርት መላክ ነበረብኝ። ካሜራ አለኝ፤ በረዶ ከየት ላምጣ?

በዚያው ሰሞን ጉና ላይ በረዶ ጣለ። ካሜራዬን አንግቼ ወጣሁ። የወይዘሮ ጥሩነሽ ገብስ ለአጨዳ ጥቂት ሲቀረው ከመሬት ተደባልቆ፣ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ስቀርጽ አይተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«መምህር፣ ይህን ለወረዳው ያሳዩልኝ። ለዘር እንኳ አልተረፈኝም» አሉኝ።

አሳያለሁ አልኩ። ማልኩ እንኳ።

አላሳየሁም። የእሳቸውን ድምፅ ቆርጬ ጣልኩና የነፋስ ድምፅ አስገባሁ። ማሳውን ደቡብ ዋልታ አልኩት። መሐሉ ላይ የድንጋይ ካብ ነበር፤ እሱንም አሳሾች የተከሉት ምልክት ነው ብዬ ተረክሁ። ወረዳው ይረዳቸው ነበር ወይ? አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ክፍል ውስጥ አሳየሁት። ልጃቸው ስንዱ ተማሪዬ መሆኗን አላውቅም ነበር ብል በቀለለኝ። አውቅ ነበር። ዝምተኛ ስለሆነች ትናገራለች ብዬ አልጠረጠርኩም። ካቡ ሲታይ ብድግ አለች።

«መምህር፣ ይሄ የኛ ማሳ ነው። ድንጋዩን የካበው አባቴ ነው።»

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ሳቅሁ። «እናትሽ ደቡብ ዋልታ ነው እንዴ ገብስ የሚዘሩት?» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ስንዱ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ «ዋልታ» ይሏት ጀመር። ብዙም ሳትቆይ ስሟን ስጠራ አቤት የሚል ጠፋ። ስንቅ የሚልክላት አጥታ ይሁን ሳቁ አሳፍሯት፣ አልጠየቅሁም። በሁለቱም እጄ አለበት።

እኔ ተመረጥኩ። እውነተኛውን የዋልታ በረዶ ከመርከቡ ላይ ሳየው አለቀስኩ። አብረውኝ የነበሩት የደስታ ነው ብለው አቀፉኝ።

ስመለስ ልናገር ቆርጬ ጉና ወጣሁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ አጎዛ አነጠፉልኝ፣ ድንች ቀቅለው አቀረቡልኝ። ስንዱ እብናት ተድራ ሄዳለች አሉኝ። ወረዳው ባይሰማም እርስዎ ደክመውልኛል ብለው መረቁኝ። እኔስ ምን አልኩ? አሜን አልኩ። ድንቹን በልቼ፣ ምርቃቱን ተቀብዬ ወረድኩ። ከፊልሙ ይልቅ ያቺ አሜን ታቃጥለኛለች።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ልጆች ከፊልሙ ተምረዋል ብዬም አልሸፋፍንም። ይቅርታ የምለምንበት አፍም የለኝም። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ልናገረው የሚገባኝን ብቻ ዛሬ ልናገር። ስንዱ፣ ማሳው የእናንተ ነው። ድንጋዩን የካበው አባትሽ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።