ከእርግቧ ሥር ያሉት ሦስት መብረቆች

አጎቴ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኔዘርላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ትራንስቫል ሰፈር ካለው ቤታቸው ይደውሉልኝ ነበር። በወጣትነታቸው አገር ቤት በተጠባባቂ ጦር የመገናኛ ክፍል ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩና የክፍሉን ታሪክ ከምሥረታው ጀምረው ይተርኩልኛል። ትንሽ እንዳወሩ ቆም ይሉና «ተቀበልሽ?» ይላሉ። ካልመለስኩ አይቀጥሉም፤ የሬዲዮ ደንብ ነው።

እኔ አምስተርዳም፣ ኖርድ ሰፈር ቤቴ ሆኜ፣ የስልኩን ድምፅ ቀንሼ መስኮቱ ሥር አስቀምጠውና ልብሴን አጣጥፋለሁ። ዝም ማለታቸውን ሳውቅ ብቻ ጎንበስ ብዬ «ተቀብያለሁ፣ አጎቴ» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አታለልኳቸው።

በአርባቸው ዕለት የክፍሉን የጨርቅ አርማ ከኮታቸው ላይ ፈትተን ከፎቷቸው አጠገብ አደረግነው። አንዲት እርግብ፣ ከሥሯ ሦስት መብረቅ። ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ አዛውንት ትኩር ብለው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የመብረቆቹን ትርጉም እስቲ ንገሪን። እኛ ስንጠይቃቸው ‹ለእህቴ ልጅ አስተላልፌዋለሁ፤ አንድም ሳይቀር ተቀብላለች› ይሉን ነበር።»

አላውቅም ማለት አቅቶኝ ሳህን ላነሳ ተነሳሁ።

አሁን እሑድ ከሰዓት ስልኩ ዝም ይላል። «ተቀብያለሁ» እል የነበረው እንዲህ ዝም ሲል ነበር።