ከአማች የተገዛ ኮምፒውተር

በሱቁ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። እኔ ከበሩ በስተግራ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ይቀመጡ ብባልም ገና አልተቀመጥኩም። የልጄ ልጅ በመስታወቱ መደርደሪያ ላይ ክርኗን አስደግፋ ስልኳ ላይ የጻፈችውን የዕቃ ዝርዝር ታያለች። ከመደርደሪያው ማዶ የሱቁ ባለቤት ቆሟል። የትንሹ ልጄ ሚስት ወንድም ነው፤ የውጫሌ ሰው ሲሆን ሐይቅ ላይ ኮምፒውተር መጠገንና መሸጥ ከጀመረ ሰንብቷል። አራተኛው ከቤት ያመጣን የባጃጅ ሹፌር ነው። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ አድርጎ የበሩን መቃን ተደግፏል። ባጃጁን እየጠበቅሁ ነው ቢልም ጀርባውን ለባጃጁ ሰጥቶ ነበር የቆመው።

የልጅ ልጄ ከአረብ አገር ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። የሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ በእጇ አለ። በዚያ ገንዘብ ከሁለት ነገር አንዱን ማድረግ ትችላለች። ደሴ ላለው ኤጀንት ለምርመራና ለወረቀት ከፍላ ተመልሳ መሄድ፣ ወይም ከመነኻሪያው አጠገብ የተከራየቻትን ክፍል ጌም ቤት ማድረግ። ለሁለቱም አይበቃም። ኤጀንቱ እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ ብሏታል፤ ሱቁ የገባነው ቅዳሜ ነው። እንድትሄድ አልፈልግም ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ መድገም ልማዴ አይደለም።

ኮምፒውተር የለመደችው እዚያው አረብ አገር ነው። የነበረችበት ቤት ጎረምሶች ጌም የሚጫወቱበት ትልቅ ኮምፒውተር ነበራቸው፤ አቧራውን የምታጸዳው እሷ ነበረች። ትልቁ ልጅ ሲፈታውና ሲገጥመው ብሎን ያስይዛታል፤ በኋላም አብሮት የሚጫወት ሲያጣ እሷን ያስቀምጣታል። ወደ አገሯ ስትመለስ ወርቅ ይዛ ትመጣለች ብለው የጠበቁ ዘመዶች ነበሩ። ከሻንጣዋ የወጣው ሁለት ጆይስቲክ ነው።

ዕቃዎቹን አንድ ላይ ተገጥመው ከመግዛት ለየብቻ መርጦ ማስገጠም እንደሚረክስ ቤት ሳለን አስረድታኛለች። ፕሮሰሰሩ ያስባል፤ ራሙ የሚያስበውን ይይዝለታል፤ ማዘርቦርዱ ሁሉንም ያገናኛል፤ ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ይሥላል፤ ፓወር ሳፕላዩ የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለእያንዳንዱ በልኩ ያድላል። ያለችኝን ይህን ያህል ይዣለሁ። ጌም ለሚጫወት ሰው ዋናው ካርዱ ነው ብላኛለች። ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ሲቃጠል ግን ብቻውን አይቃጠልም፣ ሌላውንም ይዞ ነው የሚሄደው ያለችኝ አልጠፋኝም።

"ፕሮሰሰሩ ስንት ነው?" አለችው።

"አንቺ ደግሞ! ለእናንተ ዋጋ ልጥራ?" አለና ሳቀ። "ውሰጂና ሥሪበት። ያላችሁን ትሰጡኛላችሁ።"

"ያለን ልክ አለው እኮ።"

"አብሽሪ።"

በእኛ ዘንድ አማች ለአማቹ ዋጋ አይጠራም፤ አማችም አማቹን ይህን ያህል ቀንስልኝ አይለውም። ዕቃውን ገልጦ መፈተሽማ ጭራሽ ነውር ነው። የሰጠህን ትቀበላለህ፣ የመሰለህን ትሰጣለህ፣ ቤትህ ገብተህ ቅር ይልሃል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ በኋላ ብዙ ዘመን ጨርቅ ሸጫለሁ። ባዳ ጣቃውን አስዘርግቶ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያየዋል፤ ዘመድ እንደተጠቀለለ ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ዘመድ ሲመጣ ራሴ እዘረጋለት ነበር፤ ካላየኸው አልሸጥልህም እለዋለሁ። ብዙዎቹ አኩርፈውኛል።

አማቻችን ከጀርባው ካለው ቁም ሳጥን አንድ ረጅም ጥቁር ነገር አወጣና መስታወቱ ላይ አሳረፈው። ሦስት ማራገቢያ ተደርድሮበታል።

"የማስገባልሽ ካርድ ይኸ ነው። ለሌላ ሰው ይዤው ነበር፤ ዘመድ እያለ ለባዳ አልሰጥም።"

"ሦስት ነው?" አለ ሹፌሩ ከበሩ። "ከባጃጄ ጎማ ጋር እኩል ነው።"

"ያንተ አንዱማ በጥገና ብቻ የቆመ ነው" አለችው የልጅ ልጄ፤ ዓይኗን ግን ከካርዱ አላነሳችም።

ፈልጋዋለች። የጻፈችው ካርድ ከዚህ ያነሰ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠ ነው። አማቻችን እሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ሌሎቹን ይሰበስብ ጀመር። ፕሮሰሰሩን ከጻፈችው ከፍ አደረገው። ሁሉም የሚገጠምበት፣ መስታወት ያለው፣ ውስጡ በቀይና በሰማያዊ የሚበራ ኬዝ አወረደ። በመጨረሻ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ሲደርስ አንድ ያልታሸገ አንሥቶ፣ "ይኸን እናድርገው፤ ውስጥ ስለሚገባ ማንም አያየውም" አለ።

የልጅ ልጄ ጣቷ ስልኳ ላይ በጻፈችው መስመር እንደቆመ ቀረ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ይሉኝታ ነው። ፓወር ሳፕላዩን አነሣሁት። እጅ ላይ አይከብድም፤ ዳቦ ያነሣሁ ያህል ነው።

"ይኸ ቀላል አይደለም?" አልኩት።

"በክብደት አይደለም እናቴ።"

"እሷ ቤት የነገረችኝ ሌላ ነበር። ንገሪው።"

ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኔን ከእሷ አላነሣሁም። ከዚያ ወደ እሱ ተመልሳ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ይኸን ካርድ ይኸ ፓወር አይችለውም" አለችው። "እዚህ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ በጉልበት ነው። ፓወሩ ከተቃጠለ ካርዱም ማዘርቦርዱም ይከተላሉ። ደግሜ የምገዛበት የለኝም።"

"ያን ጊዜ እኔ የት ሄጄ?" አለ አማቻችን።

"አንተ አለህ" አልኩት። "ዕቃው መኖሩን ነው የምንፈልገው። የእያንዳንዱን ዋጋ ጥራልን። ካርዱንም አብራውና እንየው።"

ሹፌሩ እግሩን ከደረጃው ወደ መሬት አወረደ።

"አላመኑኝም ማለት ነው?" አለኝ።

"ዕቃውን አላወቅሁትም ማለት ነው። ዛሬ ገዢ ሆኜ ነው የመጣሁት። በአማችነቴ በሌላ ቀን እመጣለሁ።"

"እህቴ ብትሰማ ምን ትላለች?"

"እኔው ማታ እነግራታለሁ።"

"እማማ፣" አለ ሹፌሩ፣ "ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጄንም ሊፈትሹት ነው?"

"እሱን ስንመጣ ፈትሼዋለሁ። ቁልቁለቱ ላይ አይይዝም።"

አማቻችን ሳይወድ ሳቀ፤ ካርዱን አንሥቶ የራሱ መሞከሪያ ኮምፒውተር ውስጥ ሰካው። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ፊቱ እንደጠቆረ አልጠፋኝም። እህቱ ጥሩ ሴት ናት፤ በእኔም በልጄም ላይ ቅር እንድትል አልፈልግም። ነገር ግን ካርዱ ቢበላሽ ልጅቷ የምትሄድበትን መንገድ አውቀዋለሁ።

የኳስ ጌም ከፈተ። የልጅ ልጄና ሹፌሩ ጆይስቲክ ያዙ። ሥዕሉ የሚያምር ነበር፤ ሣሩ ላይ የተጫዋቾቹ ጥላ ሳይቀር ይታያል። ሹፌሩ አንድ ጎል ገባበት፣ ሁለተኛው ተከተለ።

"አረብ አገር የሄድሽው ለዚህ ነው?" አላት።

"ደሞዝም ይከፈለኝ ነበር። ተከላካይህን መልስ።"

"እሱ የት እንዳለ መች አየሁት!"

"ይኸው አያችሁት፤ ይበቃል" አለ አማቻችን።

"ይቆይ" አልኩ።

"ምን ያህል ነው የሚቆየው እናቴ?"

"እሷ ክፍል ሲገባ ሰዉ ስንት ሰዓት ነው የሚጫወተው? ይቆይ።"

ማራገቢያዎቹ መጮህ ጀመሩ። የስፌት መኪና ሞተር አለቅጥ ሲሮጥ እንዲያ ያለ ድምፅ ያወጣል። የልጅ ልጄ ጆሮዋን ወደ ኮምፒውተሩ አዘነበለች። ሹፌሩ ሦስተኛውን ጎል አስተናግዶ ገና ሳይነሣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመሮች ወረዱ። ሥዕሉ እንደተቀደደ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ሆነ፤ ከዚያ ጠቆረ። አማቻችን አጥፍቶ አበራው። ጥቂት ሠራና ያው ሆነ። ሁለተኛም ሞከረው።

"ወላሂ አላውቅም ነበር" አለ።

"አምንሃለሁ" አልኩት። "ስትገዛው ሞክረኸዋል?"

ካርዱን ነቅሎ በእጁ አገላበጠው። "የአክስቴ ባል ነው አዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣልኝ። ትልቅ ሰው ነው። እሱ ፊት ሰክቼ ልሞክረው? ምን ይለኛል?" አለ።

ሹፌሩ ወደ በሩ ተመለሰ።

የልጅ ልጄ ጆይስቲኩን አስቀመጠች። ወደ ወንበሬ መጥታ ጎንበስ አለችና፣ "እማዬ፣ ይቅር" አለችኝ። "ገና ሳልጀምረው እንዲህ ከሆነ… ለደሴው ሰውዬ እደውልለታለሁ።"

"ካርዱ ነው የተበላሸው። አንቺ የጻፍሽው ይኸን አይደለም።"

"ያኛው አነስተኛ ነው።"

"የጻፍሽው እሱን ነበር። ለምን ጻፍሽው?"

ቀና አለች፤ ወደ መደርደሪያው ተመልሳ ወደ ጎን የተገፋውን ካርቶን ራሷ ሳበችው። "የዚህን ዋጋ ጥራልኝ" አለችው።

ጠራው። ለአማቹ ዋጋ ሲጠራ የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ ነው የተናገረው። እሷ ቀንስ አለችው። እሱ ጥቂት ቀነሰ። ሌላ ሱቅ የጠየቀችውን ነገረችው። እዚያ የሚሸጡት ያገለገለውን ነው አላት። ይኸንንስ ገልጠን እንየዋ አለችው፤ ገለጠው። እየቆዩ ሁለቱም ለመዱት። ድምፃቸው ከፍ ከፍ አለ፣ የእኔም ልብ ረጋ።

መስታወት ያለውን ኬዝ መለሰችው። በምትኩ ግራጫ፣ መብራት የሌለው፣ ከጎኑ ትንሽ የተጫረ ኬዝ መረጠች።

"ይኸማ የመድኃኒት ሣጥን ነው" አለ ሹፌሩ። "ማን ገብቶ ይጫወታል?"

"አንተ ትገባለህ። ሦስት ለባዶ ተሸንፈህ የት ትሄዳለህ?"

ፕሮሰሰሩን ወደ ጻፈችው አወረደች። ማዘርቦርዱን ራም የሚጨመርበት ክፍት ቦታ ያለው አደረገችው፤ ራሙን ለጊዜው በልክ ወሰደች። ስክሪኑ ያገለገለ ነው፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ እያስደረገች ቀለም በቀለም አየችው። የተረፈውን ሁሉ የተሻለ ፓወር ሳፕላይና የመብራቱን ጉልበት የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር ላይ አዋለች። አማቻችን ከዚህ ትንሽ ቀንሰሽ ካርዱን ከፍ አታደርጊውም ወይ አላት።

"ካርድ በኋላ ይለወጣል" አለችው። "ራምም ይጨመራል። ፓወሩ ነው ከመጀመሪያው ልክ መሆን ያለበት።"

ካርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ ጥቂት አየት አደረጋት። "ከእኔ ጋር ብትሠሪ ይሻልሽ ነበር" አለ።

"ዋጋ መጥራት እስክትለምድ?" አለችው።

መግጠም እንደጀመሩ መብራት ሄደ። ጠበቅን። የአስርን ሶላት ከጀርባ ባለችው ክፍል ሰገድኩ። ስመለስ ሁለቱ በስልክ መብራት ብሎን ያስራሉ፤ ሹፌሩ አንድ ሰው መነኻሪያ አድርሶ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። መብራቱ ሲመጣ እንደ ልማዱ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከልክ በላይ ደመቀ። ስታቢላይዘሩ ቀጭ ብሎ ድምፅ ሰጠና ጥቂት ቆየ። ከዚያ ግራጫው ሣጥን ላይ አንዲት ትንሽ መብራት በራች። ከማራገቢያው የሚወጣው ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር።

ማንም ሳያዘው አማቻችን ጌሙን ከፈተና፣ "ይቆይ አይደል እናቴ?" አለኝ።

"ይቆይ።"

ቆየ። ሥዕሉ እንደ ፊተኛው የጠራ አይደለም፤ ጥላው ጠፍቷል፣ ሣሩም ደብዘዝ ብሏል። ግን አልተቀደደም። ሹፌሩ አንድ ጎል አግብቶ ደጅ ለቆሙት ሰዎች ተናገረ። አማቻችን ተቀብሎት ተጫወተና እሱም ተሸነፈ። ውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ እስኪሰማ፣ ከውጫሌ የሚመጣው የማታው እስኪያልፍ ድረስ ሠራ። የልጅ ልጄ እጇን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ ሙቀቱን ለካች።

"ልክ ነው" አለች።

አማቻችን ጠቅላላውን ነገራት። ስልኳን አወጣች፤ የባንኩን ከፈተች፤ የእሱን ቁጥር አስገባች። ብሩን ጻፈች። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ይህ ከወጣ ለደሴው የሚከፈል አይኖርም፤ ይህን እሷም አውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

"እማዬ?"

"የምትከፍይው አንቺ ነሽ" አልኳት።

ጎንበስ ብላ የሚስጥር ቁጥሯን መታች። ጥቂት ቆይቶ የአማቻችን ስልክ ጮኸ። አንሥቶ አየውና፣ "ገባ" አለ።

ከወንበሩ ተነሣሁ። ሻርፔን አስተካከልኩ። ሹፌሩ እግሩን ከደረጃው ሰብስቦ አሳለፈኝ፤ ወጣሁ።