ሌብል የሌላቸው አርባ ሦስት ጠርሙሶች

ዶክተር እልፍነሽ ገብረየስ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲፈራቸው ኖረው፣ በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመፍራቱ ተራ ለእሳቸው ደረሰ።

የተወለዱት ሱሉልታ ነው። አባታቸው ወተት ወደ አዲስ አበባ ይልኩ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወተት ተረካቢው ቀጭን የመስታወት መለኪያ ዘንግ ቢዶናቸው ውስጥ ጣል አድርጎ «ጋሽ ገብረየስ፣ ውሃ አለበት» አለ። አባትየው ከእንጦጦ እስከ ጫንጮ ያሉትን ታቦታት በየስማቸው እየጠሩ ማሉ። ዘንጓ ግን ንቅንቅ አላለችም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ሄዳ፣ ቤት ሲደርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «አባዬ፣ ያቺ መስታወት እንዴት አወቀች?» ውሃው ነበረ ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ጥያቄው ቡዳፔስት ድረስ ወሰዳቸው። በኬሚስትሪ ዶክትሬታቸውን ይዘው ሲመለሱ ከሚያስተምሩበት ክፍል ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ሦስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው «ጸሐፊዎች በዚያኛው በር» ይላቸው ነበር። በአራተኛው ዓመት የጥበቃው ልጅ ኬሚስትሪ ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ በሩን ከወንበሩ ተነሥቶ ይከፍት ጀመር።

ላቦራቶሪያቸው ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት፣ ማለትም ሌብሉ፣ አራት መስመር ይኖረዋል፦ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተወሰደ፣ ማን እንደወሰደው። አንዱ መስመር የጎደለበት ተማሪ ዓመቱን ይደግማል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የበኩር ልጁ እንደተወለደ አራቱን መስመር ጽፎ ልጁ አንገት ላይ አንጠልጥሏል ይባላል። ሰውየው ይክዳል፤ የሚያምነው ግን የለም።

ጡረታ ሲወጡ ሰበታ የሠሩት ቤት ገቡና የጓሮውን ክፍል ላቦራቶሪ አደረጉት። አንድ ሰኞ ኦቦ ደቻሳ የሚባሉ ከከተማው በታች የሚያርሱ ገበሬ በለስላሳ ጠርሙስ የወንዝ ውሃ ይዘው መጡ። ኦቦ ደቻሳ ሚኒስትር ቢመጣም «አንተ» ብለው የሚያናግሩ ሰው ናቸው።

«ዶክተሬ፣ ላሞቼ እየጨነገፉ ነው። ይሄን እዪልኝ።»

አዩላቸው። ውሃው ውስጥ ከላይ ካለው የቆዳ ፋብሪካ የወረደ ክሮሚየም የተባለ መርዛማ ብረት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ኦቦ ደቻሳ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ገደሉን እየወረዱ ቀድተው ያመጣሉ፤ ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው ዶክተር እልፍነሽ ደግሞ መርምረው፣ አሲድ ጠብ አድርገው ያስቀምጣሉ። መደርደሪያው ላይ ሠላሳ አንድ ጠርሙስ ተሰለፈ። በሁሉም አራተኛ መስመር ላይ «ወሳጅ፦ ደቻሳ ጉደታ» ይላል። ከጎናቸው አሲድና ሌላ ሌላው የመመርመሪያ ኬሚካል የያዙ አሥራ ሁለት ብርጭቆ ጠርሙሶች ነበሩ።

አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ዛሬ በድንጋይ ይዘጋል፣ ነገ በወታደር። በመስከረም መጨረሻ ሰበታ ላይ ጭስ ታየ፤ የቆዳ ፋብሪካውም ከተቃጠሉት አንዱ ሆነ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰው በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ፤ እንዲያውም የሰበታ ዶሮዎች ድምፃቸውን ቀንሰው መጮህ ጀመሩ የሚሉ አሉ። ፈታሾች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። ከየቤቱ የሚወሰደው ሰው የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

ጥቅምት እንደገባ ዶክተር እልፍነሽ ቡራዩ ለቅሶ ሄደው መንገድ ተዘጋባቸውና ሁለት ቀን እዚያው ቆዩ። ሲመለሱ ቁልፍ የተዉላት ጎረቤታቸው ራቢአ፣ የባለሱቁ ሚስት፣ በሩ ላይ በደስታ ተቀበለቻቸው።

«እትዬ ዶክተር፣ እንኳን በደህና መጡ! ገላገልኩዎት!»

«ከምን?»

«ከወረቀቱ! ነገ ጠዋት የኛን መንደር ይፈትሻሉ አሉ። ገብቼ ሳይ ‹አሲድ፣ አሲድ› ይላል። ሁሉንም በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ላጥኩት። አንድም ፊደል አልቀረ። ደግሞ በቁመት አሰለፍኳቸው፤ ይዩት፣ እንዴት እንዳማረ!»

ዶክተር እልፍነሽ ገብተው አዩ። አርባ ሦስቱም ጠርሙስ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«አንቺ ራቢአ፣ ገደልሽኝ።»

«ውይ! ምን አጠፋሁ?»

«ነገ ‹ይሄ ምንድን ነው?› ሲሉኝ ‹አላውቅም› ልበል?»

«ታዲያ እንድፋው!»

«የት? ቦዩ የሚወርደው ወንዙ ውስጥ ነው።»

ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሠሩ። የወንዙ ጠርሙሶች ቂጣቸው ላይ በሚስማር የተጫረ ቁጥር ስለነበራቸው ቀናቸው ከደብተሩ ተገኘ። የኬሚካሎቹን ግን መለየት ግድ ሆነ። ራቢአ ከሱቅ እርድ አመጣች፤ በውሃ በጠበጡት፣ ጠብ ሲያደርጉበት ያቀላውን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነውን፣ ለይተው አኖሩ። የእንቁላል ቅርፊት ላይ ሲያፈሱት የተንጨረጨረው አሲድ ነው። ከሁሉ የከበደው ጠርሙስ ሰልፈሪክ ነው። ሁለት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ፈሶ አቃጠለው።

«‹ኮምጣጤ› ብለው ይጻፉበት፣ በአላህ!» አለች ራቢአ።

«ሌብል ላይ አይዋሽም።»

አሲዱን «አሲድ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወደ ወንዙ ጠርሙሶች ዞሩ። ምን፦ የወንዝ ውሃ። ከየት፦ ከፋብሪካው በታች ሁለት መቶ ሜትር። መቼ፦ ቀኑ። አራተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ፋብሪካው ተቃጥሏል። ከፋብሪካው በታች ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲመላለስ የኖረ ገበሬ ስም ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጽፎ ቢገኝ ኦቦ ደቻሳን ማን ያተርፋቸዋል? ደብተሩ ቁጥር፣ ቀንና ውጤት እንጂ ስም የለበትም። ስሙ የነበረው ሌብሉ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱንም ራቢአ አጥባዋለች።

«ወሳጅ፦ እልፍነሽ ገብረየስ» ብለው ጻፉ። ሠላሳ አንድ ጊዜ። ተማሪ ቢሆኑ ኖሮ ራሳቸውን ሠላሳ አንድ ዓመት ባስደገሙ ነበር።

ጠዋት ፈታሾቹ ሦስት ሆነው መጡ። አዛዡ ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ይኼ ይበልጥ አስፈራቸው። አንዱ ፈታሽ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ።

«አትንካው፣ ልጄ! ሰልፈሪክ ነው» አሉ ዶክተር እልፍነሽ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ፈንጂ ይሠራበታል?» አለ አዛዡ።

ራቢአ በር ላይ ሆና ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዶክተሯ ወደ ወንዙ ጠርሙሶች አመለከቱ።

«እኔ ውሃ ነው የምመረምርበት።»

አዛዡ ወደ ወንዙ ጠርሙሶች ሄዶ አንድ በአንድ አነበበ። «ከፋብሪካው በታች... ከፋብሪካው በታች... ወሳጅ እልፍነሽ፣ እልፍነሽ፣ እልፍነሽ። ሁሉንም እርስዎ ነዎት የቀዱት?»

«ሁሉንም።»

ከዘራቸውን አየ። ከዚያ ጉልበታቸውን። «ገደሉን ወርደው?»

«ወርጄ።»

«ጥሩ። ያሳዩን።»

መኪናው ላይ ሲወጡ ራቢአ ነጠላቸውን አቀበለቻቸው። ዶክተር እልፍነሽ ያንን ገደል ከላይ እንኳ አይተውት አያውቁም። ከመንገዱ ሲወርዱ ሦስት የእግር መንገድ ጠበቃቸው፤ አንዱ በግራር፣ አንዱ በቁጥቋጦ፣ አንዱ በባሕር ዛፍ በኩል። ቆሙ። አዛዡ ከኋላቸው ቆመ። ከሦስቱ የትኛው ወንዙ ድረስ እንደሚወርድ አያውቁም።

«አከም ቡልቴ፣ ዶክተሬ!»

ኦቦ ደቻሳ ናቸው፤ ማሳቸው ዳር ሆነው፣ ዶክተሯ በፈታሾች ታጅበው መንገዱ ሲጠፋቸው አይተዋል። ሰላምታውን ሳይጨርሱ ቁጣቸውን ጀመሩ። «ዛሬም መጣሽ? በግራሩ አትውረጂ አላልኩሽም? አፈሩ ተንዷል! እንደ ሁልጊዜው በባሕር ዛፉ በኩል፣ ሳሩን እየያዝሽ! ሴትዮዋ ምክር አትሰማም!»

«ማነው?» አለ አዛዡ።

«የዚህ ገበሬ ነው። ስመጣ ያየኛል።»

በባሕር ዛፉ በኩል ወረዱ። ግማሹን በከዘራ፣ ግማሹን በመቀመጫቸው። ታች ሲደርሱ ሽታው ተቀበላቸው። ውሃው ሰማያዊም አረንጓዴም ያልሆነ ቀለም ነበረው። አዛዡ አፍንጫውን በኮፍያው ያዘ። ወደ ኋላ ሲል አንድ ጫማው ውሃው ውስጥ ገባ።

«ይሄን ከብት ይጠጣዋል?»

«ከብቱም፣ ሰዉም።»

ጫማውን ቶሎ አወጣ። «ቆዳ... ይጎዳል እንዴ?»

«እጠበው። በሳሙና፣ ደጋግመህ።»

አዛዡ ትእዛዙን ባጭሩ ሰጠ። ጠርሙሶቹ ፖሊስ ጣቢያ ይገባሉ፤ እሳቸው በየሰኞው እየመጡ ይፈርማሉ፤ ሰበታን ለቀው አይሄዱም። ይህን ብሎ ወጣ። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ዶክተር እልፍነሽ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

ኦቦ ደቻሳ ወርደው መጡ። «ምን አሉሽ?»

«ማን ቀዳው አሉኝ። በሁሉም ላይ የኔን ስም ጽፌ ነበር።»

ሰውየው ወደ እሳቸው ዞሩ። ፊታቸው ጠቆረ። «ሠላሳ አንድ ጊዜ የወረድኩት እኔ፣ ስሙ ያንቺ?»

«ፈራሁ፣ ኦቦ ደቻሳ።»

«ለኔ?»

«ለእርስዎ። ለራሴም።»

ኦቦ ደቻሳ ወደ ላይ፣ መኪናው ወደ ሄደበት አዩ። «እኔስ የጮህኩት ደፍሬ መሰለሽ? ጉልበቴ እስካሁን አልያዘልኝም። በይ ተነሺ፣ ያዢኝና እንውጣ።»

ማን ማንን እንደያዘ ሳይታወቅ መውጣት ጀመሩ። ከላይ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ሁለቱም ሳሩ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ድምፁ ሲያልፍ ይነሣሉ።