የጉርሻዬ ምትክ

ሆዴን በቀዶ ጥገና ያስቀነስኩት ልጅ ለመውለድ ነው። ሐኪሙ በዚህ ክብደት መፅነስ ይከብድሻል ስላለኝ። የሰፈሬ ሰው ግን “ለመቅጠን ብላ ሆዷን አስቆረጠች” ብሎ እስኪበቃው አማኝ። ይማኛ! እኔ ቀጠንኩ፣ ልጁ ግን አልመጣም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በየወሩ ተራ እየያዝን የምንደግስ የሴቶች ማኅበር አለን። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከሦስት ጉርሻ ካለፈ ያስመልሰኛል። ይህን እስቲ ለማኅበርተኛ አስረጂ! “በሞቴ!” ትላለች አንዷ እጇን አፌ ድረስ ዘርግታ። “የኔ እጅ ቀፈፈሽ?” ትላለች ሌላዋ። አንድ ቀን ባለተራዋ አዘነችልኝና “እህሉ ካልወረደልሽ እንግዲያ ይችን ያዢ” ብላ አንድ መለኪያ አረቄ ሰጠችኝ። እሱስ ወረደልኝ። እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም።

ሐኪሙ “አልኮል እንዳትነኪ፣ ከእንግዲህ ቶሎ ነው የሚይዝሽ” ብሎኛል። አልዋሽም፣ ብሎኛል። እኔ ግን ውስኪና ቢራ መሰለኝ። እናቴ ሆዴን ሲቆርጠኝ የምታቀምሰኝን አረቄ ማን አልኮል ብሎት ያውቃል? ድሮ ሦስት ጣሳ ጠላ ጠጥቼ ልብስ አጥብ ነበር። አሁን አንዷ መለኪያ ገና ከጉሮሮዬ ሳትወርድ አናቴ ላይ ወጣች። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ የወሩን ማኅበር መጠበቅ አቃተኝ። በሳምንት ሆነ፣ ቀጥሎ በየቀኑ፣ ቀጥሎ ፊቴን ሳልታጠብ። ባሌ ጓዳውን መፈተሽ ሲጀምር አረቄውን መስቀል በተለጠፈበት የጸበል ጠርሙስ ቀዳሁት። ድፍረቴን አያችሁልኝ?

አማኑኤል ከተማ ያለችው ታናሽ እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። “ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ፣ ልጅሽ ናት” አለችኝ። አለቀስኩ። ልጄ ልትባል ነው! ሰማንያውን ቀን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ነጭ ቀሚስና ማተብ ገዛሁ። ክርስትና አንሺ ጾሟን ነው የምትቆመው፣ ስለዚህ የዚያን ቀን ጠብታ እንዳልቀምስ ለራሴ ማልኩ። ጠርሙሱን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ከክርስትናው መልስ ለምጠጣው ብዬ።

የክርስትናው ዕለት እህቴ ቤት አድሬ ስነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጅቱን በዚህ እጅ ልይዛት ነው? ልጥላት ነው? እየተመላለስኩ ግቢውን ፈጀሁት። በመጨረሻ ከጓሮ ዞሬ አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ። እጄ ቀጥ አለ።

ልጅቱ ልትቆርብ ስለሆነ ጡት ከልክለዋታል፣ ጩኸቷ ሌላ ነው። ከሮብ ገበያ ከተማ የመጣችው እናታችን ቀሚሱን ልታወጣ ቦርሳዬን ከፈተች።

“ጸበል ይዘሻል? ተባረኪ! ፊቷን ልርጫትና ዝም ትበል” ብላ ጠርሙሱን ከፍታ በመዳፏ አፈሰሰች። የልጅቱ ዓይን ቁልጭ ቁልጭ ይላል።

“እማዬ ተይ! አረቄ ነው!”

እናቴ መዳፏን አሸተተችና በቀሚሷ ጠረገችው። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! እህቴ ልጇን አቅፋ ፊቴ ቆመች።

“ዛሬስ ቀምሰሻል?”

መዋሸት ያቅተኝ ነበር? ስንቱን ዋሽቻለሁ! ልጅቱን አየኋትና “አንድ ጉንጭ” አልኩ።

“እንግዲያ አታነሻትም” አለች ቀስ ብላ። እሷም እያለቀሰች ነበር።

እህል ያልቀመሰች ጎረቤቷ በእኔ ፈንታ ተጠርታ መጣች። እኔ የገዛሁትን ቀሚስ አለበሰቻት፣ እኔ ያመጣሁትን ማተብ ይዛላት ገባች። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። ሲወጡ እናቴ እጄን ያዘችኝ፣ እንደ ልጅነቴ።

በማግስቱ ስለ አረቄው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ አሁንም እመላለሳለሁ። ማኅበሬንም አልተውኩም። ብርጭቆዬን በመዳፌ ከድኜ ነው የምቀመጥ፣ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ስር አንዴም አያርፍም። ሴቶቹ “በሞቴ፣ ይችን ብቻ” ሲሉኝ፣ እንደ እናቶቹ ሁሉ “ልጄ ትሙት፣ አልጠጣም” ልል አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ መልሼ እዘጋዋለሁ። ልጄ አይደለችማ።