ሳታየው ያስተማረችው ቀለበት

አክስቴ ካረፈች ወዲህ የግቢያችን መሃል ባዶ ነው። ቴሌስኮፗን የምታቆመው እዚያ ነበር።

አምቦ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራለች። በወጣትነቷ ከዋክብትን ማጥናት ትወድ ነበር፤ ሥራውና እኛን ማሳደጉ ግን አስተዋት። ጡረታ እንደወጣች፣ ሰው የተጠቀመበት ቴሌስኮፕ ከአዲስ አበባ ገዝታ መጣች፤ የተሰበረ እግሩንም ብየዳ ቤት አስጠገነችው።

አንድ ቀን ማታ ሳተርንን ስታገኘው አጠገቧ ነበርኩ። ፕላኔቱን የከበበውን ቀለበት አይታ ዓይኗን ከቴሌስኮፑ አነሳች። ከዚያ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ሳላየው ነው ያስተማርኩት" አለችኝ።

በማግስቱ የቀድሞ ተማሪዎቿን በስልክ ትጠራ ጀመር። "ያኔ ሳላየው ነው የነገርኳችሁ፤ ኑና አብረን እንየው" ትላቸዋለች። ነጋዴውም የቢሮ ሠራተኛውም መጣ። ከመጀመሪያ ተማሪዎቿ አንዱ የሆኑት ገብስ አራሹ ኦቦ ቶለሳ እንኳ ያን አስቸጋሪ መንገድ አቋርጠው ከጎጆ ከተማ አካባቢ መጡ። ሽበታም ራሳቸውን ጎንበስ አድርገው አዩና፣

"ቲቸር፣ ለካ እውነትዎን ነበር!" አሏት።

"እውነቴን መሆኑን እኔም ያወቅሁት ገና አሁን ነው" ብላ ሳቀች።

የቀብሯ ዕለት ኦቦ ቶለሳ ድንኳኑ ውስጥ ብድግ አሉ። "ያስተማሩኝ ብዙ ናቸው" አሉ። "የነገሩኝን በዓይኔ እንዳረጋግጥ ካረጀሁ በኋላ የጠሩኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።"

እንባዬ እየወረደ አንገቴ ቀና አለ። አጠገቤ የተቀመጠው እንግዳ፣ "ምንህ ናት?" ሲለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "አክስቴ ናት፤ ያሳደገችኝ" አልኩት።