ከደምሴ ጋር የተቆራኙት እትዬ እታፈራሁ

እትዬ እታፈራሁ የመንዝ ሰው ናቸው፤ አዋሳ አዲስ ከተማ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው የፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ሕጉን የወረሱት እትዬ ናቸው፤ የግቢው ዶሮ ቢጣላ እንኳ ካልዳኘሁ ይላሉ። እኔን ከአዋሳ አጠገብ ከቱላ የመጣሁትን ጴንጤ «ጸረ ማርያም» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ልጄ ሲታመም ግን ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ።

በ1970 በቀይ ሽብሩ ጊዜ የቀበሌ ጥበቃዎች ባለቤቴን ደረሰን ወሰዱት። ልብስ ሰፊ ነው። ሊጠግነው የተቀበለው ኮት ኪስ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘና ቀበሌ ታሰረ። ስንቅ እወስዳለሁ፣ የቆሸሸ ልብሱን ይሰጡኛል። አንድ ቀን ካልሲው ላይ የእግሩ ቆዳ ተጣብቆ መጣ።

ካልሲውን እትዬ ተቀብለውኝ አጠቡት። ውሃው ሲቀላ እያዩ፣ ሰው አጥፍቶም ቢሆን ዳኛ ሳያየው በምን ሕግ ይገረፋል ብለው ተቆጡ። በማግስቱ ነጠላቸውን ለብሰው አብረውኝ ሄዱ።

የቀበሌው ጥበቃ አለቃ ደምሴ መፋቂያውን እያኘከ በር ላይ ቆሟል። እትዬ አጎንብሰው ለመኑት፤ ደረሰ ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ እስከዚያ አይደብደብ፣ የእግሩን ቁስል ድሬሰር ያክምለት። ደምሴ ሳቀ። የጸረ አብዮተኛ ዳኛው አብዮቱ ነው አለ። ይህን እያለ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። የደረሰ ድምፅ ነበር። ስሙን እየጠራሁ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ከደምሴ ሸሚዝ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት። በድሮ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ፤ የተቆራኘን ሰው የሚመታ አልነበረም። እትዬ ደርግም ይህን የሚያከብር መስሏቸው ነበር።

ደምሴ መጀመሪያ በጥፊ መታቸው። ከዚያ በጠመንጃው ሰደፍ ትከሻቸውን፣ ቀጥሎ ጎናቸውን። አጥንታቸው ሲሰበር ሰማሁት። ወደቁ፤ ቋጠሮው ግን ስለጠበቀ እሱንም ጎትተው አንበረከኩት። እየተሳደበ አሸዋው ላይ ጎተታቸው፤ አፋቸው ደም ሞላ። ስንቅ የያዙት ሴቶች እሪ አሉ። እኔ እግሩን ነከስኩት፤ ዛሬም አልጸጸትም።

በጩኸቱ መሃል አንድ የጦር መኮንን ከላንድሮቨር ወርዶ ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። እትዬ መሬት ላይ ሆነው መለሱለት፦

«ተቆራኝተናል፣ ጌታዬ። ዳኛ ፊት ያቅርቡን። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይባላል። እዚህ የታሰሩት ሰዎችም ሳይፈረድባቸው አይገረፉ።»

መኮንኑ ቋጠሮውን አየና እዚህ ያሉት እስረኞች በሙሉ ዛሬውኑ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዛወሩ ብሎ አዘዘ፤ ነጠላውን ግን በሳንጃ አስቆረጠው። ደረሰን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡት እትዬ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት። በሕይወት እንዳለ ጠየቁኝ፤ አለ አልኳቸው።

እትዬ በሳምንታቸው ሞቱ። ጎናቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። የቄሱን ፍትሐት ባላውቀውም እስከ መጨረሻው ቆሜ አለቀስኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ባለቤቴን የነካው የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ምስክር ጠፋና ተለቀቀ። እያነከሰም ቢሆን የስፌት መኪናውን ይረግጣል፣ ይሰፋል። ደምሴንና እትዬን ግን ዳኛ ፊት ያቀረባቸው የለም።