ረቡዕና ዓርብ የሚነዳው ሰው

ከጎንደር ልወጣ ዋዜማው ማታ አባየ ቦርሳዬን አልፈተሹም። የፈተሹት ጾሜን ነው። አባየ መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ የዓመቱን በዓልና ጾም በጣታቸው ቆጥረው ያወጣሉ። እኔ ደግሞ ዜማውም ቁጥሩም እምቢ ያለኝ፣ ከአራዳ ተነስቼ የአምባ ጊዮርጊስን ዳገት በብስክሌት ስገፋ ያደግሁ ልጃቸው ነኝ። በማግስቱ ለምግብ ሥራ ሥልጠና ወደ ጀርመን መሄዴ ነበር።

«እዚያ ደወል አትሰማም» አሉኝ። «ጾም ሲገባ ማን ይነግርሃል?»

«ስልክ አለ፣ አባየ።»

«እንዲያ ከሆነ እኔ በየእሑዱ እደውላለሁ። እነግርሃለሁ፣ ትጾማለህ። ሌላ አደራ የለኝም።»

እሺ አልኩ። እሺ ለማለት ማን ይሰንፋል!

ወገኖቼ፣ ስለ ጀርመን ብርድ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑት፤ አሳንሶ ነው የሚነግራችሁ። የወገራ ውርጭ ጧት ይቆነጥጥና ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ይጠይቃል። የዚህኛው ይቅርታ የሚባል አያውቅም። መንገዱ በረዶ ሲሆን ብስክሌቴን ክፍሌ ውስጥ በማይንቀሳቀስ ማቆሚያ ላይ አስሬ፣ ፊት ለፊቴ ታብሌት አቁሜ መንዳት ጀመርኩ። አፑ ጉልበቴን በዋት፣ ልቤን በምት እየቆጠረ ይመዘግባል። ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የምነዳው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ በጾም ቀን እህል ውሃ ሳልቀምስ።

አከራዬ ወይዘሮ ኬለር ከሥሬ ባለው ፎቅ ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን በሬን አንኳኩ።

«የት ለመድረስ ነው እንዲህ የምትቸኩለው?»

«የትም አልሄድም፤ የቤት ውስጥ ብስክሌት ነው።»

«የትም ለማትደርሰው ታዲያ ቀስ ብትልስ?»

በማግስቱም እንደዚያው ቸኮልኩ።

የዛሬ ዓመት ገደማ አፑ የጉልበት መፈተኛ ሳምንት አውጆ ጥሩ ቁጥር አመጣሁ። ዘንድሮ ከፈረንጆች ገና በኋላ ቶማስ የሚባል የከተማው ብስክሌት ክለብ አሠልጣኝ አፑ ላይ ያን ቁጥር አይቶ ለክለቡ ላስገባህ ብሎ ጠራኝ። እኔ ጀርመን ከገባሁ ወዲህ ሰው ፈልጎ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። እዚህ የሚያውቀኝ ድስት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ያቺን ቦታ እንዴት እንደተመኘኋት አልደብቃችሁም። ቶማስ ግን የዓመቱን ዳታ በሙሉ አምጣ አለኝ።

አምጣ ማለት ለአፍ ይቀላል። አፑ የገዛ ላቤን ሊሰጠኝ ማመልከቻ ጠየቀኝ። «ጥያቄዎ ደርሶናል» አሉኝ፤ ሳምንት ጠበቅሁ። ሊንኩ ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ ጊዜው አልፎበታል። እንደገና አመለከትኩ። በመጨረሻ የደረሰኝ በየቀኑ የተበጣጠሰ የፋይል ክምር ነው። አንዱን ስከፍተው፣ ጀርመኖች ነጥብ በምናስገባበት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ስለሚያስገቡ፣ ኮምፒውተሩ ነጥቤን ውጦ መቶ ሰማንያ ሁለት ነጥብ አራቱን ዋት አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃያ አራት አድርጎት ቁጭ! በዚህ ጉልበትማ የአምባ ጊዮርጊስን አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ዳገት እገፋው ነበር። ነጥቡን በየቦታው እየመለስኩ፣ እየተሳደብኩ፣ ሁለት እሑድ ፈጀሁበት።

ቶማስ ግራፉን አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ረቡዕና ዓርብ የሚነዳው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ማክሰኞ የሚነዳውስ?»

«እሱም እኔ።»

«ሁለቱ አንድ ዓይነት ልብ የላቸውም። የማክሰኞው ብርቱ ነው፤ የረቡዑ ይደክማል። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የማክሰኞው ሰው ይጠፋና ደካማው ብቻውን ይነዳል። አካውንትህን ለሰው ታውሳለህ?»

ጾም መሆኑን አስረዳሁት፤ የነቢያትን ጾም፣ ሁዳዴን፣ ረቡዕና ዓርብን። በትዕግሥት ሰማኝና «ናኽቫይስ አለህ?» አለኝ። ማስረጃ ማለቱ ነው። እዚህ አገር ለሁሉም ነገር ናኽቫይስ አለ፤ ለመራቤ ግን ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ለአባየ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። በሦስተኛው ቀን ግን የዓመቱን የጾም ቀን ሁሉ በእጃቸው ጽፈው፣ የደብሩን ማኅተም አስመትተው፣ ፎቶውን በጎረቤት ስልክ ላኩልኝ። ቁጥሩ ሁሉ በግዕዝ ነው። ቶማስ ምስጢራዊ ኮድ መሰለው። ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሼ ከግራፉ ጎን አስቀመጥኩለት። እየተመለከተ በጣቱ ሲወርድ፣ እያንዳንዱ ጾም ላይ መስመሩ ዝቅ ይላል። ፊቱ በራ። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«እነዚህ ሦስት ቀኖች፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ደብዳቤው ጾም ነው ይላል። ግራፉ ግን ከዓመቱ ሁሉ ከፍተኛው ነው። አባትህ ተሳስተው ይሆን?»

ነነዌ ናት። የመፈተኛው ሳምንት። የዚያ ሳምንት ጎንደር መስመር ተቋርጦ አባየ እሑድ አልደወሉም። የሐበሻው ቤተ ክርስቲያን የቴሌግራም ቡድን ግን «ነገ ጾመ ነነዌ ይገባል» ብሎ ጽፎ ነበር። አንብቤዋለሁ። አባየ ካልነገሩኝ አልሰማሁም ብዬ ራሴን ሸነገልኩና ዳቦ በእንቁላልና በአይብ በልቼ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። የተጠራሁት በዚያ ቁጥር ነው።

«አልተሳሳቱም፤ በልቼ ነው» አልኩት። ቶማስ ሳቀና ለአባልነት አስፈረመኝ። ጉዳዩ ለእሱ አለቀ።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ አባየ ደወሉ።

«ገጠመ?» አሉ። ያሳሰባቸው ሒሳቡ ነው።

«ሒሳቡ ልክ ነው፣ አባየ። ያልገጠምኩት እኔ ነኝ። አምና ነነዌን በልቻለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ቀን ሲቆጥሩ ሰማኋቸው። 

«መስመሩ ተቋርጦ የነበረ ጊዜ አይደለም?»

«አዎ።»

«እሑዱን ሳልደውልልህ ያለፈው?»

«አዎ፣ አባየ።»

«እንዲያማ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። እነግርሃለሁ ብዬ ሳልነግርህ ቀረሁ። ልጅ ያልሰማውን ምን ያድርግ? ከነገ ጀምሬ ሦስቱን ቀን እኔ እጾምልሃለሁ።»

«የሚያምዎ ጨጓራዎስ?»

«ተወው እሱን። አንተ ብስክሌትህን ሸጋ አድርገህ ንዳ።»

ቴሌግራሙን ማንበቤን ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተሰናብተው ስልኩን ዘጉት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጎንደር ስምንት ነው፤ አባየ እህል ሊቀምሱ ገና አንድ ሰዓት ይቀራቸዋል። እኔም ሳልበላ ነዳሁ። መስመሩ ዝቅ አለ፤ ወዲያው የቶማስ መልእክት መጣ። «ማክሰኞም ያ ሌላው ሰው መጣ እንዴ?»

ላቤን ሳልጠርግ ለአባየ ደወልኩ።

«ምነው በማክሰኞ? ደህና አይደለህም?» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል።

«ደህና ነኝ፣ አባየ። ዝም ብዬ ነው።»

ስለ ብርዱ ጠየቁኝ፤ ስለ ብርዱ ነገርኳቸው።